«ኬሞካይንን የሚያግድ መድኃኒት ከውጭ እናስመጣ?»

ጥያቄ፦ «እህቴ 44 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት በብብቷ ሥር ባሉ ሦስት ንፍፊቶች ላይም ታይቷል። የናሙናው ውጤት ሆርሞን ፖዘቲቭ፣ ኸር ቱ ኔጌቲቭ ይላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞ ጀምራለች፤ ነገር ግን ‹ነጭ የደም ሴልሽ አንሷል› እየተባለ ቀጠሮዋ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ድሮም ሲቢሲ በተሠራች ቁጥር ዝቅ ብሏል ይሏት ነበር። አሜሪካ የሚኖር የአጎታችን ልጅ ካንሰርን በሰውነት ውስጥ የሚያሰራጨው ኬሞካይን የሚባል ነገር እንደሆነ አንብቦ፣ እሱን የሚያግዱ ፕሌሪክሳፎር የሚባል መርፌና ለኤችአይቪ የሚሰጥ ማራቪሮክ የሚባል እንክብል እንዳሉ ነገረን። ገዝቶ ሊልክልን ተዘጋጅቷል። ኬሞው ካልተስማማት በእነዚህ ብንተካውስ? በደሟ ውስጥ ያለውን የኬሞካይን መጠንስ የት እናስመርምር?»

ምላሽ፦ መርፌውን አይግዙ፤ እንክብሉንም እንዲሁ። ምክንያቱን አስረዳለሁ። በጥያቄዎ መካከል ግን እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ድሮም ሲቢሲ በተሠራች ቁጥር ዝቅ ብሏል ይሏት ነበር» የምትለው፤ ሲቢሲ የደም ሴሎችን የሚቆጥር ምርመራ ነው። የአጎትዎ ልጅ ካነበበው ሁሉ ይልቅ ለእህትዎ የሚጠቅመው የኬሞካይን ታሪክ ምናልባት እዚህች ላይ ነው ያለው። እመለስባታለሁ።

ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኬሞቴራፒ በደም ሥር ወይም በአፍ የሚሰጥ፣ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት ነው። ኬሞካይን ግን ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከኬሚካል የመጣው የስማቸው መነሻ ብቻ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት የሚባል ነገር የለም። በሰው ላይ 50 ያህል ኬሞካይኖች ይታወቃሉ፤ መልእክታቸውን የሚቀበሉና በሴሎች ገጽ ላይ የተተከሉ ተቀባዮች ደግሞ 20 ያህል ናቸው። ሥራቸው ለሴሎች አቅጣጫ መጠቆም ነው። ቡና የሚቆላበትን ቤት ማንም ሳይጠራው ጠረኑን ተከትሎ የሚያገኝ ጎረቤት ያስቡ፤ ጠረኑ ወደሚበረታበት ይራመዳል፣ ሲደክምበት አቅጣጫ ይለውጣል። ነጭ የደም ሴልም እንደዚያው ነው። እግርዎን እሾህ ሲወጋዎት የተጎዳው ሥጋ ኬሞካይን ይለቃል። በአቅራቢያው የሚያልፉት ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችም ያንን ተከትለው ከደም ሥር ይወጡና ቦታው ላይ ይደርሳሉ። ኋላ የሚያዩት መግል አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።

ስለዚህ ኬሞካይን ከሰውነት መወገድ ያለበት መርዝ አይደለም። ሲኤክስሲኤል12 የሚባለው ኬሞካይን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች ከመወለዳቸው በፊት ወይም እንደተወለዱ ሞተዋል። በእኛም መቅኔ ውስጥ የደም እናት ሴሎችን፣ ማለትም ሌሎቹ የደም ሴሎች የሚፈልቁባቸውን፣ በቦታቸው ይዞ የሚያቆያቸው ይኸው ኬሞካይን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ መርፌው ስንደርስ ያስፈልገናል።

ካንሰር ከዚህ ጋር የሚገናኝበት ታሪክ የሚጀምረው ኬሞካይን የሚባል ስም ከመፈጠሩ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ በሽታው እንዳገኘ እንደማይሰራጭ አስተዋለ። ጉበትን ደጋግሞ ይመታል፤ ደም በብዛት የሚያልፍበትን ጣፊያን ግን እምብዛም አይነካም። ፓጄት ነገሩን በዘርና በመሬት መሰለው፦ ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው የተስማማው መሬት ላይ ነው። ለገበሬ ልጅ ይህ ግኝት አይደለም፤ ለሕክምና ግን ነበር። ከመሬቱ ጠባይ ከፊሉ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ነው። የጡት ካንሰር ሴሎች ሲኤክስሲአር4 እና ሲሲአር7 የሚባሉ ተቀባዮችን በብዛት ይዘው ተገኙ፤ የእነዚህ ተቀባዮች ኬሞካይኖች ደግሞ የሚበዙት ካንሰሩ በሚያዘወትራቸው በንፍፊት፣ በሳንባ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ሲኤክስሲአር4ን ሲዘጉት በአይጦቹ ላይ ስርጭቱ ቀነሰ።

የአጎትዎ ልጅ ያነበበው ከዚህ ጥናት የተቀዳ ይመስለኛል፤ ጥናቱ እውነተኛ ነው። የተሳሳተው ማጠቃለያው ነው። ኬሞካይን ካንሰርን አያሰራጭም፤ ለነጭ የደም ሴል በተጠረገው መንገድ ላይ የካንሰሩ ሴል ሾልኮ ይገባበታል እንጂ። መንገዱን ማግኘት ብቻውንም አያደርሰውም። ከእናት ዕጢው መላቀቅ፣ በደም ውስጥ ሳይሞት መጓዝ፣ በደረሰበት አገር ሥር መስደድ ይጠበቅበታል። በእህትዎ ብብት ሥር ካንሰር ተገኘ ማለት ይህ ጉዞ ተጀምሯል ማለት ነው፤ አሁን የተጓዙትን ሴሎች የሚገድል እንጂ መንገድ የሚዘጋ አይደለም የሚያስፈልጋቸው።

ዕጢው ራሱም ኬሞካይን ያመርታል፤ እንግዶችም ይጠራል። ሲሲኤል2 የሚባለው ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ከደም ይስባል፤ እነሱም ዕጢው ውስጥ ማክሮፋጅ ወደሚባሉ ሴሎች ተለውጠው የደም ሥር ያበጁለታል፣ መከላከያ ሴሎችንም ያዳክሙለታል። ሲኤክስሲኤል8 ኒውትሮፊሎችን ይጠራል፣ አዳዲስ የደም ሥሮችንም ያበቅላል። በተቃራኒው ደግሞ ሲኤክስሲኤል9 እና ሲኤክስሲኤል10 ካንሰሩን የሚገድሉ ቲ ሴሎችን ወደ ዕጢው ያመጣሉ፤ እነዚህ በርከት ያሉበት ዕጢ ዛሬ የበሽታ መከላከያን በማንቃት ለሚሠሩት መድኃኒቶች የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጥ ተደጋግሞ ታይቷል። እንግዲህ «ኬሞካይንን የሚያግድ መድኃኒት» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛውን የሚለው ነው። «ሰው ይታሰር» ተብሎ ትእዛዝ አይወጣም።

ወደ ፕሌሪክሳፎር ልምጣ። የኤችአይቪ ቫይረስ ወደ ሴል ሲገባ ከኬሞካይን ተቀባዮች አንዱን፣ ሲሲአር5ን ወይም ሲኤክስሲአር4ን፣ እንደ በር እንደሚጠቀም በ1996 ታወቀ። ማራቪሮክ የመጀመሪያውን በር፣ ፕሌሪክሳፎር ሁለተኛውን ይዘጋሉ። ማራቪሮክ በ2007 ለኤችአይቪ ተፈቀደ። ፕሌሪክሳፎር ግን ለቫይረሱ ሲሞከር ያልታሰበ ነገር ታየበት፤ መርፌውን የወሰዱ ሰዎች ነጭ የደም ሴል በሰዓታት ውስጥ ከፍ አለ። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይህ ነው፦ ሲኤክስሲአር4 የሲኤክስሲኤል12 ተቀባይ ስለሆነ፣ ሲዘጋ ይህ ኬሞካይን በመቅኔ ውስጥ ይዟቸው የነበሩ ሴሎች ተለቀው ወደ ደም ወጡ። በዚህ ምክንያት በ2008 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለአንድ ውስን ሥራ ፈቀደው። መልቲፕል ማየሎማ ወይም ኖን ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የደም ካንሰር ያለበት ሰው የራሱ እናት ሴሎች ተሰብስበው ኋላ እንዲመለሱለት ሲታቀድ፣ ሴሎቹን ከመቅኔ ለማስወጣት ለጥቂት ቀናት ይሰጣል። ካንሰርን አይገድልም፤ ለጡት ካንሰርም አልተፈቀደም። ይባስ ብሎ አምራቹ ራሱ የካንሰር ሴሎችን ከመቅኔ ሊያስወጣ እንደሚችል በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አስጠንቅቋል። ካንሰር ወደ ንፍፊት ለተዛመተባቸው ሰው ይህን መርፌ ያለ ሐኪም ቤት ውስጥ መስጠት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። ማራቪሮክም ቢሆን በካንሰር ላይ በጥቂት ሕሙማን ከመሞከር አላለፈም፤ ከብዙ መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእርስዎ ዓይነት ቤተሰብ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ካርሉማብ የሚባል ሲሲኤል2ን የሚይዝ አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) በፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ነበር። በመጀመሪያ የኬሞካይኑ መጠን በደማቸው ውስጥ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመነሻው በልጦ ተመለሰ፤ ካንሰሩም አልተገታም። በ2014 ደግሞ በጡት ካንሰር አይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ሲሲኤል2 ሲታገድ ስርጭቱ ቀነሰ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን በመቅኔ ውስጥ ታፍነው የቆዩ ሞኖሳይቶች በአንድ ጊዜ ጎርፈው ወጡ፣ ስርጭቱም ካልታከሙት አይጦች ይልቅ ተባባሰ፣ አይጦቹም ፈጥነው ሞቱ። የአይጥ ውጤት በቀጥታ ለሰው አይተረጎምም። ሆኖም ዘመድ በሻንጣ የሚልከው መድኃኒት የሚያልቅበት ቀን አለው፤ የሚቀጥለው ሻንጣ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አያውቅም።

በዚህ መስክ የተሳካ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ሞጋሙሊዙማብ የሚባለው አንቲቦዲ ሲሲአር4 የተባለውን ተቀባይ ይይዛል። በ2012 ጃፓን ውስጥ የተፈቀደው ኤችቲኤልቪ 1 በሚባል ቫይረስ ምክንያት ለሚመጣ፣ በደቡብ ምዕራብ ጃፓን በብዛት ለሚታይ የደም ካንሰር ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ማይኮሲስ ፈንጎይደስና ሴዛሪ ለሚባሉ ቆዳን ለሚያጠቁ ሊምፎማዎች ተፈቀደ፤ በሙከራው ላይ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ከቀደመው መድኃኒት 3.1 ወር ወደ 7.7 ወር ከፍ ብሏል። ልብ ይበሉ፣ መድኃኒቱ የሠራው መንገድ ስለዘጋ አይደለም። እነዚህ የካንሰር ሴሎች ሲሲአር4ን እንደ መለያ ልብስ ለብሰው ስለሚዞሩ አንቲቦዲው ምልክት ያደርግባቸዋል፣ የበሽታ መከላከያው ይገድላቸዋል። ዋጋም ያስከፍላል፤ ያንኑ ልብስ የለበሱ ጤነኛ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም አብረው ስለሚሞቱ ከባድ የቆዳ ሽፍታ ያመጣል፣ ቆይቶ ከሌላ ሰው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለሚደረግለትም አደጋውን ይጨምራል። ለእህትዎ ካንሰር የሚሆን መድኃኒት አይደለም።

የኬሞካይን መጠን ምርመራን በተመለከተ፦ በጡት ካንሰር ላይ ሕክምና የሚወስን እንዲህ ያለ የደም ምርመራ የለም። ለጥናት ይለካል። ጉንፋን፣ የጥርስ ሕመም፣ ኬሞው ራሱ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ዋናው ነገር ደግሞ በሥጋ ውስጥ ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት እንጂ በክንድ ደም ውስጥ የተገኘው መጠን አይደለም። «እንመረምራለን» የሚል የግል ላብራቶሪ ቢያጋጥምዎት ውጤቱን ይዘው የሚሄዱበት ሐኪም ምን እንዲያደርግበት እንደሚጠብቁ አስቀድመው ይጠይቁ።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር። በቀይ የደም ሴሎች ገጽ ላይ ደፊ የሚባል የኬሞካይን ተቀባይ አለ። ለየት ያለ ነው፦ ኬሞካይኖችን ይይዛል እንጂ ለሴሉ ምንም ትእዛዝ አያስተላልፍም፤ በደም ውስጥ የተረፈውን እንደ ሰፍነግ ይመጥጣል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ ሴል ለመግባት የሚጠቀመው ይህንኑ ተቀባይ እንደሆነ በ1970ዎቹ ታውቋል። ብዙ አፍሪካውያን በአንዲት የዘረመል ለውጥ ምክንያት በቀይ ሴላቸው ላይ ይህ ተቀባይ የላቸውም፤ ደፊ ኔጌቲቭ ይባላሉ። በኢትዮጵያ ደፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በ2009 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ብዙ ሰዎች ላይ ለዘመናት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲመዘገብ የኖረው የኒውትሮፊል ቁጥር ማነስ ከዚችው ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። የእስራኤል ሐኪሞች በየመን አይሁድና በቤተ እስራኤል ላይ ይህን ጉዳት የሌለው ማነስ ቀደም ብለው ያውቁት ነበር። መቅኔያቸው በደንብ ያመርታል፤ ከሌሎች ይበልጥ አይታመሙም፤ በደም ውስጥ ተቆጥሮ የሚገኘው ብቻ ያንሳል።

ችግሩ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የጤነኛ ሰው መለኪያ በአብዛኛው የተቀዳው ደፊ ካላቸው ሕዝቦች መሆኑ ነው። ኬሞ ከመስጠት በፊት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በማይክሮሊትር 1,500 ኒውትሮፊል ነው። ደፊ ኔጌቲቭ የሆነ ጤነኛ ሰው ግን ካንሰር የሚባል ነገር ሳይኖርበት 1,200 ይዞ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ኬሞ ሲጀምር ቁጥሩ ወርዶ ወደ ራሱ መነሻ ቢመለስም «ገና አልደረሰም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይላካል። እኔም ልምምድ ላይ ሳለሁ «ድሮስ ስንት ነበር?» ብዬ ሳልጠይቅ ስንት ሰው እንዳሰናበትኩ ሳስበው ያሳፍረኛል። ለማዳን በሚሰጥ ኬሞ ላይ መጠንና ጊዜ ማጓደል ውጤቱን ይቀንሳል፤ ሳምንት የመሰለው ነገር ሳምንት ብቻ አይደለም።

እህትዎ ደፊ ኔጌቲቭ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ በጽሑፍ ይህን ማወቅ አልችልም። ሌሎች ምክንያቶች መጀመሪያ መታየት አለባቸው፦ ኤችአይቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ሌሎች የሚወስዷቸው መድኃኒቶች፣ የጣፊያ ማበጥ፣ በመተማና በሑመራ አካባቢ ኖረው ከሆነ ደግሞ ካላዛር። ከነጩ ጋር ሄሞግሎቢንና ፕሌትሌትም አብረው ከወረዱ ነገሩ የደፊ አይደለም። ደፊ ኔጌቲቭ መሆን ካንሰሩን ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል ብለውም አይደምድሙ፤ የሚለውጠው የቁጥሩን አነባበብ ነው። ገደቡን ዝቅ አድርጎ ኬሞውን የመስጠት ውሳኔም የሐኪማቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ፣ ከወሊድ ክትትል ወይም ከሥራ ቅጥር ምርመራ የቀሩ የቆዩ የሲቢሲ ወረቀቶችን ሁሉ ይሰብስቡ። ከጠቅላላው የነጭ ደም ሴል ቁጥር ይልቅ ኒውትሮፊል የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ በመቶኛ ብቻ ተጽፎ ከሆነ በጠቅላላው ቁጥር አባዝተው ለመቶ ያካፍሉት። በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለካንሰር ሐኪማቸው ይስጡ፤ «ከኬሞ በፊት የነበረው ቁጥራቸው ይህ ነው፤ የደፊ ጉዳይ ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ደፊን መለየት ለደም ምድብ ከሚደረገው ጋር በሚመሳሰል ምርመራ ይቻላል፤ ባይገኝም የቆዩት ወረቀቶች ብዙውን ይናገራሉ።

የአጎትዎ ልጅ ገንዘቡን የግድ በኬሞካይን ላይ ማዋል ከፈለገም መንገድ አለ። ፊልግራስቲም የሚባለው፣ ከኬሞ በኋላ ኒውትሮፊልን ቶሎ የሚያነሳው መርፌ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ በመቅኔ ውስጥ ያለውን ያንኑ ሲኤክስሲኤል12 ዝቅ ማድረግ ነው። የታወቀ፣ ለዚሁ ሥራ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ያስፈልጋቸው እንደሆነ፣ ከየትኛው ዙር በኋላ በስንተኛው ቀን እንደሚወጉ ሐኪሙ ይወስን፤ ከታዘዘ ከታወቀ መድኃኒት ቤት ይገዛ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጥ። ኬሞው ሲያልቅ ቀዶ ሕክምናው፣ ከታዘዘ ጨረሩ፣ ከዚያም ለዓመታት የሚወሰደው ፀረ ሆርሞን እንክብል ይቀጥላል፤ ሆርሞን ፖዘቲቭ የሆነ፣ ማለትም በሆርሞን የሚያድግ ካንሰር እንዳይመለስ በተግባር የሚከላከለው ይኸኛው እንክብል ነው፣ ከማራቪሮክም እጅግ ይረክሳል።

አንድ የሙቀት መለኪያም ይግዙ። በኬሞ ጊዜ ውስጥ ሙቀታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የደፊ ዓይነታቸው ምንም ይሁን ምን፣ ማስታገሻ ሰጥተው እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ ለተረኛው ሐኪም የመጨረሻው ኬሞ የተሰጠበትን ቀንና ያንን የቁጥሮች ወረቀት ያሳዩ።